ከየጎፍ ተራራ ጀርባ ያለውን ቤት ማን ያየዋል? የባቡር ሲሙሌተር ሞዴልና የማሽን አቅም

ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር 392 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከላዩ 25 ኪሎ ቮልት የሚሸከም ሽቦ እንዲኖረው ተነድፏል። ቆላውን፣ የከሚሴን ሜዳ፣ የቦርከናን ሸለቆ፣ ዋሻውን፣ ተራራውን ሁሉ አንድ ላይ ስለያዘ ለሲሙሌተር የሚመች መስመር ነው። ለማሽን ግን አይመችም። ሎኮሞቲቩና ጣቢያው ለየብቻ ሲታዩ ያማረባቸው ሆነው፣ ሁሉም ተሰብስቦ ባቡሩ ኮምቦልቻ ሲቃረብ ጌሙ መንተፋተፍ ይጀምራል።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው ብሌንደርን (የሞዴል መሥሪያውን ፕሮግራም) ከፍቶ ሞዴሉ የተሠራባቸውን ሦስት ማዕዘኖች መቀነስ ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ ድካሙ ከንቱ ነው። ቤቱ ከ4,000 ሦስት ማዕዘን ወደ 2,000 ወርዶ ፍጥነቱ ንቅንቅ አይልም፣ ምክንያቱም የሚያንቀው ሌላ ነገር ነው። እዚህ የምጽፈው ኦፕን ሬይልስ የተባለውን የባቡር ሲሙሌተር መነሻ አድርጌ ነው። ነጻ ነው፣ ለ2001ዱ የማይክሮሶፍት ትሬይን ሲሙሌተር የተሠሩ መስመሮችን ይከፍታል፣ በእኛ አካባቢ በብዛት ባሉት አሮጌ ላፕቶፖች ላይም ይሠራል። ትሬይንዝ በተባለው ሌላ ሲሙሌተር ለሚሠሩም ሐሳቡ ያው ነው፤ የምናሌው ስም ነው የሚለያየው።

መቀስ ከማንሳት በፊት መለካት

መጀመሪያ ፍሬሙን (ጌሙ እየደጋገመ የሚስለውን ሥዕል) ከስክሪኑ ጋር የሚያስተካክለውን ቪሲንክ አጥፉ። እሱ በርቶ የምታነቡት የፍሬም ቁጥር በሰከንድ 60 ወይም 30 ላይ ስለሚቆም የማሽኑን እውነተኛ አቅም አያሳይም። ቀጥሎ አንድ ቦታ ምረጡ፤ ከባዱን ቦታ፣ ለምሳሌ የኮምቦልቻን ጣቢያ መግቢያ። ባቡሩ ይቁም፣ ካሜራው ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልከት፣ ሰዓቱና አየሩም አይቀየር። ኤፍ 5ን ስትጫኑ የመረጃው ሰሌዳ ይወጣል፤ ከሺፍት ጋር ደጋግማችሁ ስትጫኑ ገጾቹን ያገላብጣል። የምትፈልጉት የምርመራውን ገጽ ነው። እዚያ ስንት ዕቃ እንደተሳለ፣ ስንት ማኅደረ ትውስታ እንደተያዘ፣ የመሳሉም ሆነ የመጫኑ ሥራ ፕሮሰሰሩን ምን ያህል እንደያዘው ይታያል።

ከዚያ አንድ በአንድ ፈትኑ። መስኮቱን ከ1366 በ768 ወደ 800 በ600 አሳንሱት። ፍሬሙ ዘለል ካለ ያነቀው የግራፊክስ ቺፑ ነው፤ የስክሪኑን ነጥብ (ፒክሰል) ማቅለም በዝቶበታል። ንቅንቅ ካላለ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ነው፣ ማለትም የመሳል ትዕዛዙ በዝቷል። ቀጥሎ የጥላውን አማራጭ አጥፉና እዩ። ጥላ ሲበራ ያው ዕቃ ለጥላው ሲባል እንደገና ይሳላል፣ አንዳንዱ ከአንድ ጊዜ በላይ። በመጨረሻ የእይታ ርቀቱን ከ2,000 ሜትር ወደ 1,000 አውርዱ። ሦስቱም ፈተናዎች ዐሥር ደቂቃ አይፈጁም፤ ሳምንት ሙሉ ያለ ቦታው ከመከርከም ያድናሉ።

ቁጥሩን በሚሊ ሰከንድ ብታስቡት ይሻላል። ለ30 ፍሬም እያንዳንዱ ሥዕል 33.3 ሚሊ ሰከንድ አለው፤ ለ60 ፍሬም 16.7 ብቻ። ከ20 ወደ 25 ፍሬም መውጣት 10 ሚሊ ሰከንድ ማትረፍ ነው። ከ60 ወደ 65 መውጣት ግን ከ1.3 ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም። «5 ፍሬም ጨመረልኝ» የሚለው ወሬ መነሻው ካልተነገረ ምንም አይነግረንም። ለባቡር ጌም ደግሞ ሳይዋዥቅ የሚቆም 30 ፍሬም ከ60 ወደ 22 እየዘለለ ከሚመለስ ይበልጣል።

ሸክሙ ያለው የት ነው

ፕሮሰሰሩ ለግራፊክስ ቺፑ «ይህን ሳል» የሚል ትዕዛዝ ይልካል። ትዕዛዙ የሚቆጠረው በሦስት ማዕዘን አይደለም። አንድ ሞዴል በውስጡ ስንት የተለያየ ቴክስቸር (ሞዴሉ የሚለብሰው ሥዕል) እና ማቴሪያል (የገጽ ዓይነት) አለው፣ ለብቻቸው የሚንቀሳቀሱት ክፍሎቹስ ስንት ናቸው፣ ቁጥሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ በጆንያ አንዴ ተሸክሞ መግባትና በጣሳ እየተመላለሱ ማስገባት እህሉ ያው ነው፤ የሚገድለው ምልልሱ ነው።

የሽቦ ተሸካሚውን ምሰሶ እንውሰድ። የወሎው መስመር በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ስለተነደፈ ምሰሶ የሌለበት ቦታ የለም። በየ50 ሜትሩ ብታቆሙት፣ በ2,000 ሜትር የእይታ ርቀት ከፊታችሁ 40 ምሰሶ ይሰለፋል። አንዱ ምሰሶ ለብረቱ፣ ለኮንክሪት መሠረቱ፣ ለኢንሱሌተሩ፣ ለቁጥር ሰሌዳውና ለሽቦው አምስት የተለያየ ቴክስቸር ካለው 200 ትዕዛዝ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ጥላው ሳይቆጠር። አምስቱን በአንድ 512 በ512 ቴክስቸር ላይ አሰባስቡና ወደ 40 ይወርዳል። የሦስት ማዕዘኑ ብዛት አልተነካም፣ መልኩም አልተለወጠም። ከምሰሶ በፊት ጣቢያን የሚያስተካክል ሰው ሥራውን ከኋላ ነው የጀመረው።

ፉርጎም እንዲሁ ነው። አንድ ባለ አራት አክስል ፉርጎ አካሉ አንድ፣ ሁለቱ ቦጊዎች (መንኮራኩሮቹን የሚይዙት ጋሪዎች)፣ አራቱ አክስሎች ሲደመሩ ሰባት ለየብቻ የሚንቀሳቀስ ክፍል አለው። እያንዳንዱ ሦስት ማቴሪያል ከያዘ 21 ትዕዛዝ፤ 40 ፉርጎ ሲጎተት 840። ማቴሪያሉን ወደ አንድ ብታወርዱት 280 ይሆናል። አንድ ሞዴል ለቅርብና ለሩቅ እይታ በተለያየ የዝርዝር ደረጃ ይሠራል፤ ከ150 ሜትር ወዲያ ለሚታየው ደረጃ ቦጊውንና መንኮራኩሩን ከአካሉ ጋር አጣብቃችሁ አንድ ክፍል አድርጉት፤ በዚያ ርቀት መንኮራኩር መዞሩን የሚያይ ዓይን የለም። በነገራችን ላይ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣችሁ ወደፊት ስታዩ ከኋላችሁ ያሉት ፉርጎዎች አይሳሉም። ስለዚህ የራሳችሁን ባቡር ከውጭ ካሜራ፣ ሌላውን ባቡር ደግሞ መተላለፊያ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ፈትኑት። ጋቢና ውስጥ ብቻ የተፈተነ ፉርጎ አልተፈተነም።

ብሌንደር የሚያሳያችሁ የሞዴሉ የማዕዘን ነጥብ (ቨርቴክስ) ቁጥርም ያሳስታል። አንድ ሣጥን ስምንት ማዕዘን አለው፤ ጠርዞቹ ሹል ከሆኑ ግን ወደ ጌሙ ሲወጣ 24 ነጥብ ይሆናል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ፊት የራሱን አቅጣጫ ይዞ ይሄዳል። ቴክስቸሩ የተቆረጠበት መስመር ሁሉም ነጥብ ይጨምራል። ክብ ቧንቧን ለስላሳ አድርጋችሁ ብትተዉት በስምንት ጎን ያምራል፤ ሹል አድርጋችሁ 24 ጎን ብትሰጡት ከፍላችሁም አያምርም።

ስንት ነጥብ ይታያል?

የትኛው ዝርዝር እስከ የት ይቆይ ለሚለው ጥያቄ ግምት አያስፈልግም። በ768 ቁመት ስክሪን፣ በ45 ዲግሪ የካሜራ ስፋት፣ የዕቃውን መጠን በሜትር በ930 አባዙና ለርቀቱ አካፍሉት፤ ስክሪኑ ላይ ስንት ነጥብ እንደሚይዝ ታገኛላችሁ። 1080 ቁመት ላላቸው 1,300 ይሁን።

3 ሳንቲ ሜትር ብሎን 28 ሜትር ላይ አንድ ነጥብ ይሆናል። 4 ሳንቲ ሜትር የእጅ መደገፊያ ብረት 37 ሜትር ላይ። 15 ሳንቲ ሜትር ኢንሱሌተር 140 ሜትር ላይ። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ምሰሶ 280 ሜትር ገደማ ላይ። 3 ሜትር ከፍታ ያለው ቤት 500 ሜትር ላይ ከስድስት ነጥብ ያነሰ ነው። 25 ሜትር የመስጊድ ሚናራ ግን 2,000 ሜትር ላይ እንኳ ከ11 ነጥብ በላይ አለው። ወሎን ወሎ የሚያስመስለው እንዲህ ያለው ከሩቅ የሚለይ ነገር ነው፤ በጀታችሁን እሱ ላይ አውሉት።

ከዚህ ተነስታችሁ ደረጃዎቹን ቁረጡ። ብሎን ሞዴል አይሠራም፣ ቴክስቸር ላይ ይሳላል፤ ከጋቢናው መስኮት አጠገብ ካለው በስተቀር። የእጅ መደገፊያው እስከ 40 ሜትር፣ ኢንሱሌተሩ እስከ 150 ሜትር፣ ከዚያ በኋላ ምሰሶው ሁለት ጠፍጣፋ ፊት ብቻ ይሁን፤ ከ600 ሜትር ወዲያ ይጥፋ። ደረጃው ሲቀየር ዕቃው ብልጭ ካለባችሁ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ርቀቱ አይደለም። የሩቁ ደረጃ ቀለም ከቅርቡ ስለሚደምቅ ነው። የቅርቡን ሞዴል ከነጥላው ወደ ሥዕል አትማችሁ የሩቁን ቴክስቸር ከዚያ አውጡ። ደረጃም አታብዙ፤ ለቤት ሁለት፣ ለፉርጎ ሦስት፣ ለሎኮሞቲቭ አራት ይበቃል።

የቆርቆሮ ጣሪያን ሞገድ በሞዴል የሚሠሩ አሉ። አትሥሩ። አንድ ጣሪያ ሁለት ፊት ብቻ ይበቃዋል፣ ሞገዱ ቴክስቸር ላይ ይሁን። ሞገዱን በጥቁርና በነጭ አጉልታችሁ ከሳላችሁት ግን ከሩቅ ሲታይ ይንቀጠቀጣል፤ ልዩነቱን አደብዝዙት፣ ሚፕማፕ (ለሩቅ እይታ የሚያገለግሉ የቴክስቸሩ ትናንሽ ቅጂዎች) መኖሩንም አረጋግጡ። ዝገቱ፣ የተጣፈው ቦታና አዲሱ ቆርቆሮ ሁሉ በአንድ 1024 በ1024 ወረቀት ላይ ተደርድረው መላው ከተማ ይጠቀምባቸው።

የቴክስቸር ሒሳብ ቀላል ነው። 2048 በ2048 ሳይጨመቅ 16 ሜጋባይት ይይዛል፣ ከሚፕማፑ ጋር 21.3። ዲኤክስቲ1 በሚባለው የመጨመቂያ ዘዴ ሲጨመቅ 2፣ ከሚፕማፑ ጋር 2.7 ገደማ። ግልጽነት ለሚያስፈልገው ዲኤክስቲ5 የዚህን እጥፍ ነው። አራት ጎኑ ሁለትን በራሱ ደጋግሞ በማባዛት የሚገኝ ቁጥር ይሁን፤ 256፣ 512፣ 1024። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ይህን ሁሉ ከዋናው ራም ነው የሚቆርሰው፤ ስለዚህ ባለ 4 ጊጋባይት ማሽን ላይ ያልተጨመቁ 50 ቴክስቸሮች አንድ ጊጋባይት በሉ ማለት ነው።

ተራራ ዓይንን ይጋርዳል፣ ፕሮሰሰርን አይጋርድም

የወሎ መስመር ከሜዳ መስመር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የጎፍ ተራራ ከጀርባው ያለውን መንደር ከዓይናችሁ ይሰውረዋል። ኦፕን ሬይልስ ግን አያውቅም። ዕቃው በካሜራው ማዕዘን ውስጥና በእይታ ርቀቱ ውስጥ ከሆነ፣ ተራራ ይኑር ግድግዳ ይኑር፣ ይስለዋል። ዋሻ ውስጥ ስትገቡም ከዋሻው ውጭ ያለው ከተማ መሳሉን ይቀጥላል፤ ጨለማ ብቻ እያያችሁ ፍሬሙ የማይጨምረው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ከመስመሩ የማይታየውን ነገር ከናካቴው አለማስቀመጥ ነው። በዓይን መገመት አድካሚ ስለሆነ ኪውጂአይኤስ በሚባለው ነጻ የካርታ ፕሮግራም የእይታ ክልል ትንተና ሥሩ። መልክዓ ምድሩን የሠራችሁበትን የከፍታ መረጃ ጫኑ፣ በመስመሩ ላይ በየ200 ሜትሩ ነጥብ አስቀምጡ፣ የተመልካቹን ከፍታ 3 ሜትር አድርጉ። ለሚታየው ዕቃ ቤት ከሆነ 5 ሜትር፣ ባህር ዛፍ ከሆነ 20 ሜትር ስጡት። ከአንዱም ነጥብ የማይታየውን መሬት በቀለም ለዩና እዚያ ምንም አትትከሉ። በጠባብ ሸለቆ ውስጥ የሚተርፈው ብዙ ነው፤ የከሚሴ ሜዳ ላይ ግን እምብዛም አትጠቀሙበትም። አንድ ጉዳቱ ተጫዋቹ ካሜራውን ወደ ላይ አውጥቶ ሲያይ ባዶ ኮረብታ ያገኛል። እኔ ለባቡር ነጂው እንጂ ለአሞራው መሥራት አስፈላጊ አይመስለኝም።

የእይታ ርቀቱንም እንዲሁ አታጋንኑ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚሳለው መሬት አራት እጥፍ ይሆናል። መሬቱ የሚሳለው 128 ሜትር በ128 ሜትር በሆኑ ቁርጥራጮች ነው፤ ሰፊ ስክሪን ላይ በ2,000 ሜትር ርቀት 155 ያህሉ ማዕዘኑ ውስጥ ይገባሉ፣ በ4,000 ሜትር ግን ከ600 ያልፋሉ። ይልቅ የሩቅ ተራሮችን የሚያሳየውን አማራጭ አብሩና ዋናውን ርቀት ከ1,500 እስከ 2,000 ላይ ተዉት። የሩቅ ተራራ የሚሳለው በሸካራ መረብ ስለሆነ ርካሽ ነው፤ ያለ እሱ ደግሞ የአድማሱ መስመር ተቆርጦ አገሩ ወሎ መሆኑ ይቀራል።

መሬቱን ማስተካከል

አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት የከፍታ መረጃ በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኮራኩር የተለካው ኤስአርቲኤም ነው። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ግንባታ የተጀመረው በ2015 እ.ኤ.አ. ነውና ለባቡሩ የተቆረጠው ኮረብታም ሆነ የተሞላው አፈር መረጃው ውስጥ የለም። ያንን በእጅ ነው የምትሠሩት። የመረጃው ነጥቦች በ30 ሜትር ገደማ የተራራቁ ናቸው፤ የጌሙ መረብ ደግሞ በየ8 ሜትሩ ነው፤ መሀሉ የተገመተ ልስላሴ ነው። በገደላማ ቦታ ሸለቆው ጠፍቶ፣ ሸንተረሩ ተመትሮ የሚገኘው ለዚህ ነው።

6 ሜትር ከፍታ ያለውን የአፈር ሙላት በ1 ለ1.5 ተዳፋት ብትሠሩት በእያንዳንዱ ጎን 9 ሜትር ይወስዳል፤ ያም ከአንድ የመረብ ዓይን ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ መረቡ የሙላቱን ጠርዝ በቅጡ አያሳይም፤ አንዳንዱ ቦታ ሣር ከጠጠሩ ላይ ብቅ ይላል፣ አንዳንዱ ቦታ ሐዲዱ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ከሐዲዱ መሀል በሁለቱም በኩል ቢያንስ 8 ሜትር መሬቱን ከሐዲዱ በታች 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጉት፣ ትከሻውን ደግሞ በሞዴል ሸፍኑት። ቀጥ ያለ የድጋፍ ግንብ ካለ ሁልጊዜ ሞዴል ይሁን፤ በመሬት መረብ ቀጥ ያለ ግድግዳ አይወጣም፣ ቢወጣም ቴክስቸሩ ይለጠጣል።

ቤቶችን በቡድን አንድ ሞዴል ማድረግ ትዕዛዝ ይቀንሳል፤ ሜዳ ላይ ዐሥሩን ቤት በአንድ ማስያዝ ይቻላል። ኮምቦልቻ ዳገቱ ላይ ወይም ደሴ ጦሳ ሥር ግን አይሆንም። መሬቱ ስለሚያዘቀዝቅ የቡድኑ አንድ ጫፍ ሲቀበር ሌላው ይንሳፈፋል። እዚያ ከሦስትና ከአራት ቤት አትለፉ፤ ለእያንዳንዱም ከወለሉ በታች 2 ወይም 3 ሜትር የሚወርድ የድንጋይ መሠረት ስጡት፣ የተረፈው መሬት ውስጥ ይቀበራል። ቡድኑ በስፋት ከ100 ሜትር መብለጥም የለበትም። ርቀቱ የሚለካው ከሞዴሉ መሀል ስለሆነ፣ ትልቅ ቡድን አጠገባችሁ ያለው ቤት እንኳ የሩቅ ደረጃው ላይ እንዳለ እንዲቀር ያደርጋል። ጫፉ ብቻ ማዕዘኑ ውስጥ ሲገባም ሁሉም ይሳላል።

ዛፍ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የተሻገሩ ሁለት ፊቶች ለባህር ዛፍ በቂ ናቸው፣ ለግራር ጃንጥላ ቅርጹን የሚያሳይ አንድ አግድም ፊት ጨምሩ። የቅጠሉ ቴክስቸር ጀርባ፣ ማለትም በቅጠሎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ፣ ነጭ ከሆነ ከሩቅ ዛፉ ሁሉ ነጭ ጠርዝ ያበጃል፤ ጀርባውን በቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሙሉት። የማሽላ ማሳም ዘንግ በዘንግ አይተከልም፤ በሐዲዱ ዳር ባለው 30 ሜትር ውስጥ በረድፍ የቆሙ ፊቶች፣ ከዚያ ወዲያ የመሬት ቴክስቸር።

ፍሬሙ ደህና ሆኖ በየሁለት ኪሎ ሜትሩ አንዴ ለአፍታ ቆም እያለ የሚሄድ ከሆነ ግን ያ ሌላ በሽታ ነው። መልክዓ ምድሩ በ2,048 ሜትር ካሬ የተከፋፈለ ስለሆነ አዲሱ ካሬ ሲደርስ ጌሙ ፋይሎቹን ከዲስክ ይጭናል። መድኃኒቱ ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዲስክ ነው፤ እሱ ከሌለ የተለያዩ ቴክስቸሮችን መቀነስና ጎረቤት ካሬዎች አንድ ዓይነት ሞዴል እንዲጠቀሙ ማድረግ። 60 ዓይነት ቤት ከመሥራት ዘጠኙን ሠርቶ እያዞሩ መትከል ይሻላል።

መስመሩን በፍላሽ ለሌላ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ደካማ ላፕቶፕ ላይ ሞክሩት፤ ቻርጀሩ ተሰክቶ አንዴ፣ ተነቅሎ አንዴ። በባትሪ ሲሆን ብዙ ማሽን ራሱን ዝቅ ስለሚያደርግ፣ መብራት በጠፋ ምሽት የሚጫወተው ሰው የሚያገኘው ያንኛውን ቁጥር ነው። ራሙም አንድ 8 ከሆነ ሁለት 4 አድርጎ በሁለቱ ሶኬት መሰካት አብሮ ለተሠራ ግራፊክስ የማስተላለፊያውን ስፋት በእጥፍ ያሰፋዋል። ደረቱ የሚግል ላፕቶፕ ካለ ደግሞ ከ20 ደቂቃ በኋላ ያለውን ፍሬም መዝግቡ፤ የመጀመሪያው ደቂቃ ቁጥር ገና ሳይሞቅ የተወሰደ ነው።